የወና ቤት ባለቤት

ሸራና ቀለም ከተማሪ ኪስ በላይ ከሆነ ወዲህ፣ ከመካከላችን ሥዕልና ቅርጻ ቅርጽ የሚሞክሩት ፊታቸውን ወደ ወና ቤቶች አዙረዋል። የዛገ ቆርቆሮ፣ የመስኮት ፍሬም፣ የበር ማጠፊያ፣ የተቃጠለ ሽቦ፣ ቀለሙ የተላጠ ጣውላ፤ ስንቱን ልቁጠረው! አንዱ ይሰበስብና በምስማርና በሙጫ አገጣጥሞ ሲያበቃ «ሥራዬን እዩልኝ» ይላል። ሌላው «ይሄማ ቆራሌው ነው እንጂ ሠዓሊ አይደለም» ብሎ ይስቅበታል። ሦስተኛው ግን አይስቅም። «ከማን ቤት አመጣኸው?» ብሎ ይጠይቃል። የዚህ ጽሑፍ ነገር የሦስተኛው ሰው ጥያቄ ነው። ሌላ ከተማ ቢሆን ምናልባት ባንድ ቃል ይመለስ ነበር። ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ግን ቤት ወና የሚሆንበት መንገድ ብዙ ስለ ሆነ፣ መልሱም እንደ መንገዱ ይለያያል።

በመጀመሪያ ይህ ልማድ ከፈረንጅ የተቀዳ ነው የሚለውን አስተሳሰብ እንተወው። እርግጥ ፒካሶ እ.ኤ.አ. በ1942 ከአሮጌ ብስክሌት ኮርቻና እጀታ የበሬ ራስ ሠርቷል። ጀርመናዊው ኩርት ሽቪተርስም ሐኖቨር ከተማ የገዛ ቤቱን በተጣለ ዕቃ እየሞላ ቤቱን ራሱን ቅርጽ አድርጎት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1943 የአውሮፕላን ቦምብ ደመሰሰው። ግን እነርሱ ሳይወለዱ የእኛ አንጥረኛ የማሪያ ቴሬዛን ጠገራ ብር አቅልጦ ለክርስቲያኗ የአንገት መስቀል፣ ለሙስሊሟ የክታብ ማኅደር ይሠራ ነበር። የነገሥታት ገንዘብ ቀልጦ የሴት አንገት ላይ ሲያበራ ማን «ቆሻሻ ሰብሳቢ» አለው? በገጠር ቤተ ክርስቲያን ዛፍ ላይ ተሰቅሎ እንደ ደወል የሚመታውን የመድፍ ቀለህና የመኪና ቸርኬ ያየ ሰውም ስለ «ዘመናዊ ጥበብ» ሲነገረው ብዙ አይደነቅም።

በእነዚህ በሁለቱ ከተሞች ትልቁ ለቀማ የመጣው ከጣልያን ጋር ነው። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ደሴ በአውሮፕላን ተደበደበች። ንጉሠ ነገሥቱ በከተማው ነበሩ፤ ቀይ መስቀል የተሳለበት ሆስፒታል እንኳ አልቀረለትም። በሚያዝያ ወር የጠላት ጦር ገባ። አምስት ዓመት ተቀመጠ፤ ከአስመራ አዲስ አበባ የሚዘልቀውን መንገድ በደሴና በኮምቦልቻ አሳልፎ ሠራ፤ በመንገዱም ላይ ካምዮን፣ ነዳጅ፣ ስሚንቶ፣ የታሸገ ምግብ አግተለተለ። ከዚያ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚወጣው ዳገት ላይ ለቀናት ከተዋጋ በኋላ፣ ሚያዝያ 18 ቀን 1933 ዓ.ም. ደሴ በደቡብ አፍሪካ ብርጌድና አብረው በዘመቱት ኢትዮጵያውያን አርበኞች እጅ ገባች።

የቀረውን ለማየት ሙዚየም መግባት አያስፈልግም፤ አንድ ጋራዥ ደጃፍ ቆሞ ማዳመጥ ይበቃል። ላሜራ፣ ብሎን፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ ጎማ፣ ቸርኬ። ሁሉም ከጣልያን አፍ የተለቀሙ ቃላት ናቸው። ገዢው ሄደ፣ መፍቻው ቀረ። በርሜሉ ተሰንጥቆና ተቀጥቅጦ የግቢ በር ሆነ። የምግቡ ቆርቆሮ ገበያ ወጥቶ የእህል መስፈሪያ ሆነ። ትንሿ ቆርቆሮ ክር ገባባትና ኩራዝ ሆነች። የካምዮኑ ጎማ ተቆርጦ በረባሶ ሆነ፤ ስንቱን ተማሪ ተራራ አሻግሮ ከትምህርት ቤት አድርሷል። ይህን ሁሉ የሠሩ እጆች ስማቸው የትም አልተጻፈም። እኔ ግን በዚህ አገር የቁርጥራጭ ጥበብ ታሪክ ይጻፍ ቢባል የመጀመሪያውን ምዕራፍ ለእነርሱ እሰጣለሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። የ1933ቱ ለቃሚ «የማን ነው?» ብሎ አልተጨነቀም። ምን አስጨነቀው! ባለቤቱ ወራሪ ነበር፤ ዕቃውንም ያጓጓዘው በእኛው ላብ በተሠራ መንገድ ነው። ከዚያ ወዲህ ባለው ዘመን ግን ነገሩ ተወሳሰበ።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ኪራዩ ከ100 ብር በታች የነበረውን ቤት ቀበሌ ተረከበው፤ ከዚያ በላይ ያለው ለኪራይ ቤቶች ሄደ። የድኃው ተከራይ ሸክም ቀለለ፤ ይህን የሚክድ ሰው የዚያን ዘመን ኪራይ ያልከፈለ ብቻ ነው። ነገር ግን በዚያች ኪራይ ጣራ አይታደስባትም። የጭቃ ቤት ደግሞ ትዕግሥት የለውም። ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር፣ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተቀመጠች የዝናብና የጉም ከተማ ናት። አንድ ቆርቆሮ ከተቀደደ ውኃው ግድግዳው ውስጥ ይገባል፤ ጭቃው ይሟሟል፣ ማገሩ ይበሰብሳል፣ ቋሚው ከሥሩ ይበላል። ደህና ጽድ የሆነው ምሶሶ ብቻ ሌላው ሁሉ ሲወድቅ ቆሞ ይቀራል። ተከራዩ «የቀበሌ ነው» ይላል፣ ቀበሌው «በጀት የለም» ይላል፤ ቤቱ በሁለቱ መካከል ይወድቃል። ያው «የሁሉም» የተባለው ነገር ቀስ በቀስ «የማንም» ሆነ ማለት ነው። ዛሬ በሁለቱም ከተሞች ውስጥ ወና ሆኖ የምናየው አሮጌ ቤት ሁሉ ጦርነት የመታው አይደለም፤ ብዙው ጥገና አጥቶ የሞተ ነው።

የትልልቆቹ ቤቶች ዕጣም የተለየ አልነበረም። በ1906 ዓ.ም. ንጉሥ የተባሉት ሚካኤል የሠሩት አይጠየፍ አዳራሽ፣ ስሙ እንደሚናገረው፣ እንግዳ ሳይለይ ግብር የሚበላበት ነበር። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ንጉሡ ሰገሌ ላይ ድል ሆነው ሲማረኩ አዳራሹ አብሮ ተማረከ ቢባል ያስኬዳል፤ ጌታው ከሄደ ወዲህ ለብዙ ዘመን ጥገና ሲለምን ኖሯል። ከሁሉ የተሻለ ዕድል የገጠመው የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ ቤት ነው። እርሱ የደሴ ሙዚየም ሆነ። ይህ ለእኔ ከማንኛውም ቅርጻ ቅርጽ የሚበልጥ ሥራ ነው፤ ቤቱ በሩ ወይም ማጠፊያው ብቻ ተነቅሎ ሳይወሰድ፣ እንዳለ ሙሉውን ከመፍረስ ተለቀመ። ውስጡም የሌሎች ቤቶች ቅርስ ማረፊያ ሆነ።

እንግዲህ ወደ 2014 ዓ.ም. ደረስን።

በዚያ ዓመት በጥቅምት ወር የሕወሓት ኃይሎች ደሴንና ኮምቦልቻን ያዙ፤ እስከ ኅዳር መጨረሻ ቆዩ። ከሰሜን ወሎ ተፈናቅሎ ደሴ የተጠጋው ሕዝብ ከደሴው ሰው ጋር ሆኖ ሁለተኛ ተሰደደ። በዚያ ጥቂት ሳምንታት ጊዜ ስንት ቤት ወና ሆነ! የደሴ ሙዚየም ተዘረፈ፤ ያ የቅርስ መጠለያ የነበረው ቤት ራሱ መጠለያ አጣ። የኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ተዘረፉ። የወሎ ዩኒቨርስቲ በደሴም በኮምቦልቻም ግቢው ላቦራቶሪው ተሰባበረ፣ ኮምፒዩተሩ ተወሰደ፤ የማይወሰደው ተሰበረ።

ሰው ሲመለስ ያገኘው የተከፈተ በርና የተበተነ ዕቃ ነው። የቁርጥራጭ ጥበባችን ፈተናም እዚህ ላይ ይጀምራል። የዚያ ቤት ዕቃ «የተጣለ» ነው? ኧረ በጭራሽ! ማንም አልጣለውም። ባለቤቱ ነፍሱን ይዞ ሸሸ እንጂ ቁልፉን ለማንም አላስረከበም። ከዘራፊው በኋላ ገብቶ የተሰበረውን የሚያነሣ ሰው ዘራፊ አይደለም እንበል፤ ነገር ግን ባለቤቱ መጥቶ የልጁን አልጋ እግር ከአንድ «ቅርጽ» ላይ ተቸንክሮ ቢያገኘው ምን ይባላል? «ትዝታህን ጠብቄልህ ነው» ይባል ይሆን?

ዓለም ላይ ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ነገር ያጋጠመው አለ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ ወር 1965 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ዋትስ የተባለው የጥቁሮች ሠፈር በአመፅ ሲነድ፣ ኖኣ ፒዩሪፎይ የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ ቀራጭ በዚያው ሠፈር የሥነ ጥበብ ማዕከል ኃላፊ ነበር። ከጓደኛው ከጀድሰን ፓወል ጋር ሆኖ ሦስት ቶን የሚያህል ፍርስራሽ ሰበሰቡ፤ የቀለጠ የኒዮን መብራት ሳይቀር። በሚቀጥለው ዓመት ከሌሎች ሠዓሊዎች ጋር ከዚያ የተሠራውን ለሕዝብ አሳዩ። ማዕከሉም የቆመው ሳይመን ሮዲያ የተባለ ጣልያናዊ ሠራተኛ ለ33 ዓመት ከብረት፣ ከተሰበረ ሸክላና ከጠርሙስ ስባሪ ባቆማቸው ማማዎች አጠገብ ነው። ፒዩሪፎይ ከሩቅ መጥቶ ቃጠሎውን የቃረመ ሰው አልነበረም፤ ልጆቻቸውን የሚያስተምርላቸው ጎረቤታቸው ነበር።

ሞዛምቢክ ደግሞ ሌላ መንገድ አሳየች። የእርስ በርሱ ጦርነት ካለቀ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1995 ጳጳሱ ዲኒሽ ሴንጉላኔ የጀመሩት ሥራ መሣሪያውን ለሚያስረክብ ሰው መኮትኮቻ፣ ብስክሌት ወይም የስፌት መኪና ይሰጥ ነበር። ጠመንጃው ተቆራርጦ ለማፑቶ ቀራጮች ይሰጣል። ከዚያ የተሠራ አንድ ዙፋንና አንድ ትልቅ ዛፍ ዛሬ ለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም አሉ። በእኛ አገር ቋንቋ ይህ ምንድን ነው? ልዋጭ ነው! በየሠፈሩ «ልዋጭ!» እያለ አሮጌ ልብስ በፕላስቲክ ሳፋ የሚለውጠው ልጅ ሥራ ነው። ዕቃው በፈቃድ፣ ከእጅ ወደ እጅ፣ በምትኩ ተሰጠ።

የእኛው ኤልያስ ስሜም ይህንኑ ያደርጋል። እ.ኤ.አ. በ1990 ከአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የተመረቀው ይህ ሠዓሊ፣ ዓለም ያወቀለትን ሥራ የሚሠራው ከኮምፒዩተር ሰሌዳ፣ ከቁልፍ መጫኛ ፊደላትና ከተፈተለ የኤሌክትሪክ ሽቦ ነው። ዕቃው ከመርካቶ ይመጣል፤ በገንዘብ ይገዛል። ምናለሽ ተራን የሚያውቅ ሰው እዚያ ያለ እያንዳንዱ ብሎን ዋጋ እንዳለውና ሻጭ እንዳለው ያውቃል። ከመስከረም አሰግድ ጋር ያቆሙት የዞማ ሙዚየምም፣ እ.ኤ.አ. በ2019 መካኒሳ ላይ ሲከፈት፣ ግድግዳው ያ እኛ የምንንቀው ጭቃ ነበር።

ስለዚህ መጀመሪያ ላይ «ቆራሌው» ተብሎ ወደ ተሳቀበት ጓዳችን እንመለስ። የሳቀው ሰው ቆራሌውን አላስተዋለውም። ቆራሌው ወና ቤት አይገባም። ጆንያውን ተሸክሞ ደጅ ላይ ቆሞ ይጣራል። የቤቱ እመቤት ትወጣለች፣ ዋጋ ይከራከራሉ፣ ካልተስማሙ ጥሎ ይሄዳል። ዕቃው የማን እንደ ነበር ቢጠየቅ ቤቱን ጠቁሞ ያሳያል። አጥር ዘሎ የገባው ሠዓሊ ይህን ማሳየት ይችላል? ስድቡ የተገላቢጦሽ ነው የምለው ለዚህ ነው። ጓዳችን ገና ቆራሌው አልሆነም፤ በሆነ!

በደሴም በኮምቦልቻም ባለቤት የሌለው የሚመስል ቤት ጎረቤት አለው። ቁልፍ የያዙ አንዲት እትዬ አሉ፤ ባለቤቱ አዲስ አበባ ይሁን ጅዳ፣ ሞቶ እንደ ሆነም ወራሹ ማን እንደ ሆነ ያውቃሉ። ቡና ላይ ተቀምጦ አንድ ሰዓት ማዋል ነው። «ውሰድ ልጄ፣ መቼስ ዝናብ ሊበላው ነው» ይሉ ይሆናል፤ «ተወው፣ ልጁ እመጣለሁ ብሏል» ይሉም ይሆናል። ሁለቱንም መስማት ነው። የቀበሌ ቤት ከሆነ ቀበሌውን መጠየቅ ግድ ነው፤ ይህ እግር ያቀጥናል፣ አውቃለሁ። ከአሮጌ ግቢና ከቅርስ ቤት ግን በፈቃድም ቢሆን ምስማር እንኳ ባይነቀል እመርጣለሁ፤ እዚያ ከሚነቀል ማጠፊያ ይልቅ ባለበት የተሳለ ማጠፊያ ይበልጣል። ጦርነት ያለፈበት ቦታ ላይ ደግሞ ቀለህ ነው ብሎ ያልፈነዳ ነገር ማንሣት የለም። ይህን አይቶ የሚለይ ባለሙያ ነው፤ እኛ አይደለንም።

ከተፈቀደም በኋላ አንድ ትንሽ ሥራ ይቀራል። በጣውላው ጀርባ በእርሳስ ሠፈሩን፣ የቤቱን ዓይነት፣ የተነሣበትን ቀን መጻፍ። ፊቱ የፈለገውን ሥዕል ይሁን፣ ጀርባው የከተማው መዝገብ ይሆናል። የ1933ቱ ለቃሚዎች ይህን ስላልጻፉ ነው ዛሬ አንድ በርሜል የማን ግቢ በር እንደ ነበር ለማወቅ ሽማግሌ ፍለጋ የምንዞረው።

ደግሞ መፍጠን አለብን። ብረቱን ቆራሌው በኪሎ ይወስደዋል፤ ቢያንስ አይጠፋም፣ ቀልጦ ሌላ ይሆናል። እንጨቱን ግን ቆራሌው አይፈልገውም። አሮጌ መስኮትና በር፣ ስንት ጊዜ ተደራርቦ የተቀባ ቀለሙ እንዳለ፣ ከማገሩ ጋር ተፈልጦ ማገዶ ይሆናል። የተቀባ ጣውላ ደረቅ ስለ ሆነ ቶሎ ይይዛል፤ ባለ ዳቦ ቤቶቹ ይወዱታል።