አንድ ኖታ፣ ሁለት ንባብ
የሾስታኮቪች አምስተኛ ሲምፎኒ በሦስት መሪዎች እጅ

የአማርኛ ጽሕፈት ማጥበቅንና ማላላትን እንደማያመለክት የታወቀ ነው። «አለ» ላልቶ ሲነበብ መናገርን፣ ጠብቆ ሲነበብ መኖርን ይገልጻል፤ ፊደሉ ግን ያው ነው። ቅኔ አዋቂዎቻችን በዚህ ክፍተት ሰምና ወርቅ ሲያበጁበት ኖረዋል። በሙዚቃም ተመሳሳይ ነገር መኖሩን ለመረዳት፣ የሩሲያዊው የዲሚትሪ ሾስታኮቪች አምስተኛ ሲምፎኒ በልዩ ልዩ መሪዎች የተቀዳባቸውን ሸክላዎች አነጻጽሮ ማዳመጥ ይበቃል።

አስቀድመን ታሪኩን እናስታውስ። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በጃንዋሪ 1936 ስታሊን የሾስታኮቪችን ኦፔራ ለማየት ሞስኮ በሚገኝ ቴአትር ተገኘ፤ ትርዒቱ ሳያልቅም ወጣ። ከሁለት ቀን በኋላ «ፕራቭዳ» ጋዜጣ የጸሐፊው ስም ባልተገለጸበት ጽሑፍ ኦፔራውን አወገዘ። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ጽሑፍ ከሂስ ይልቅ ማስጠንቀቂያ ነበር። ሾስታኮቪች በዚያው ዓመት መጨረሻ በልምምድ ላይ የነበረውን አራተኛ ሲምፎኒውን ከመድረክ አነሣ፤ ሥራው እስከ 1961 ድረስ ለሕዝብ አልተሰማም። በ1937 ደግሞ ደጋፊው የነበረው ማርሻል ቱካቼቭስኪ ተረሸነ። የእኅቱ ባል ታሰረ፤ እኅቱም ተጋዘች።

አምስተኛው ሲምፎኒ የተጻፈው በዚህ ፍርሃት መካከል ነው። ኖቬምበር 21 ቀን 1937 ሌኒንግራድ ውስጥ በየቭጌኒ ምራቪንስኪ መሪነት ሲቀርብ፣ በዝግታ በሚሄደው ሦስተኛ ክፍል ከአድማጩ ያለቀሱ ነበሩ። ጭብጨባውም እጅግ ረዥም ነበር። ባለሥልጣናቱ ግን የወደዱት ፍጻሜውን ነው፤ ነሐሶቹ ከፍ ብለው ሲያሰሙና ከበሮው ሲመታ «አቀናባሪው ታረመ» አሉ።

ክርክሩ ያለው እዚሁ ፍጻሜ ላይ ነው። ጡሩምባዎቹ የድል ዜማ ሲነፉ፣ ባለ አውታሮቹ መሣሪያዎች አንዲቱን ከፍተኛ ድምፅ ያለማቋረጥ ይደጋግማሉ። ይህ በምን ፍጥነት ይሂድ? ኅትመቶቹ አይስማሙም። በአንዱ የፍጥነቱ ቁጥር ለሩብ ኖታ፣ በሌላው ለስምንተኛ ኖታ የተሰጠ ስለሆነ፣ ፍጥነቱ በግማሽ ያህል ይለያያል።

አሜሪካዊው ሊዮናርድ በርንስታይን ፈጣኑን መንገድ ያዘ። በ1959 ከኒውዮርክ ፊልሃርሞኒክ ጋር ሶቪየት ኅብረትን ጎበኘ፤ ሞስኮ ላይ አቀናባሪው ባለበት ሲምፎኒውን አሰማ። በዚያው ዓመት ቦስተን ውስጥ በቀዳው ሸክላ ፍጻሜው እየሮጠ ይፈነጥዛል፤ የሚደጋገመው ድምፅ ከነሐሶቹ ሥር ስለሚጠፋ ድሉ እውነተኛ ድል ይመስላል።

ለግማሽ ምዕተ ዓመት የሌኒንግራድን ፊልሃርሞኒክ የመራው ምራቪንስኪ ደግሞ ሥራውን ደጋግሞ ቀድቶታል። ፍጻሜው ሰፊ፣ ቀጥ ያለና ፈገግታ የሌለበት ነው። ምንም አያብራራም፤ ፍርዱን ለአድማጩ ይተዋል።

ሦስተኛው የሾስታኮቪች ተማሪ የነበረው ምስቲስላቭ ሮስትሮፖቪች ነው። በ1974 አገሩን ለቆ ወጣ፤ በ1978 ዜግነቱን ተገፈፈ። ከ1977 እስከ 1994 የመራው ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በዋሽንግተን የሚገኘውን ናሽናል ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ነበር። ከዚሁ ኦርኬስትራ ጋር በ1982 በቀዳው ፍጻሜው ከባድና ዝግተኛ ነው፤ ያቺ አንዲት ድምፅ እንደ ምስማር ትመታለች። በአብዮቱ ዘመን በቀበሌ ጥሪ ሰልፍ ወጥቶ መፈክር ያስተጋባ ሰው የዚህን ደስታ ዓይነት ለመለየት ብዙ ማብራሪያ አያሻውም።

በ1979 ሰሎሞን ቮልኮቭ የሾስታኮቪች ትዝታ ነው ብሎ ያሳተመው መጽሐፍ፣ ያ ደስታ በግዳጅ የመጣ መሆኑን ይናገራል። ይሁን እንጂ የመጽሐፉ እውነተኛነት ምሁራንን ሲያከራክር ስለኖረ፣ በእርሱ ብቻ ተማምኖ በርንስታይን ተሳስቷል ማለት አይቻልም። አቀናባሪው ራሱ ሞስኮ ላይ ወደ መድረክ ወጥቶ ጨብጦታልና።

በእኔ አስተያየት ለኖታው የሚቀርበው ምራቪንስኪ ነው። በርንስታይን ሰሙን፣ ሮስትሮፖቪች ወርቁን ለይተው ሲሰጡን፣ እርሱ ሁለቱን ሳይነጣጥል ያቆያቸዋል። በ1937 አዳራሹ ውስጥ የካድሬውም የእስረኛውም ሚስት በአንድነት ቆመው ሊያጨበጭቡ የቻሉት በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። ሦስቱም ቅጂዎች በየመደብሩና በየቤተ መጻሕፍቱ ሲገኙ የኖሩ ናቸው። አንባቢ የመጨረሻዎቹን ጥቂት ደቂቃዎች አከታትሎ ያዳምጥና የራሱን ፍርድ ይስጥ።