ስትመጡ በግራ፣ ስትመለሱ በቀኝ

ትናንት ማታ ድሮ ያስተማርኳት ልጅ ደወለችልኝ። "ቲቸር፣ ነገ በአውሮፕላን ወደ አርባ ምንጭ ልመጣ ነው። መስኮት ጋ መቀመጥ ፈልጌ በየት በኩል እንደሚሻል ግራ ገባኝ። ካርታ የተማርኩት ከእርስዎ ነው ብዬ ነው" አለች። ሳቅሁ። መልሱ ትንሽ ረዘም ስለሚል እዚህ ልጻፈው፣ ሌላውም ይጠቀምበት።

አጭሩ መልስ፦ ስትመጡ በግራ፣ ስትመለሱ በቀኝ። አዲስ አበባንና አርባ ምንጭን ካርታ ላይ በማስመሪያ ብታገናኙ መስመሩ ወደ ደቡብ ወርዶ ትንሽ ወደ ምዕራብ ያዘነብላል። የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ከዚህ መስመር በስተምሥራቅ ናቸው። ሰማዩ ከጠራ ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብያታ፣ ሻላ፣ ሐዋሳ እያሉ ይመጡና መጨረሻ ላይ አባያ ይዘረጋል። በቀኝ የተቀመጠም አይከስርም፤ የጉራጌ ተራሮችን፣ የወላይታውን ዳሞታን፣ ከዚያም የእኛን የጋሞ ደጋ ያያል። ባለ ፕሮፔለሩ ኪው 400 ከሆነ ደግሞ ክንፉ ከመስኮቱ በላይ ስለሆነ አይጋርድም። መሐል ላይ ግን ሞተሩ ይከልላችኋል፣ ወደ ኋላ ብትሉ ይሻላል።

አሁን ወደ ታሪኩ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ሲመሠረት ሥራ የጀመረው በሲ-47 አውሮፕላኖች ነው። ሲ-47 ለጦር ሠራዊት የተሠራ ነው። ወታደሮች የሚቀመጡት በግድግዳው ርዝመት፣ ፊት ለፊት እየተያዩ፣ ጀርባቸውን ለመስኮቱ ሰጥተው ነበር። ዛሬ እኛ የምንሻማበት መስኮት ያኔ ጀርባ መደገፊያ ነበር ማለት ነው።

ከዚያ በፊት አገራችንን የሚያይ እንግዳ በእግሩ ነበር የሚመጣው። ጣሊያናዊው ቪቶሪዮ ቦተጎ እ.ኤ.አ. ከ1895 እስከ 1897 ባደረገው ጉዞ እዚህ ደረሰ። አባያን በንግሥቱ ስም "ማርጋሪታ"፣ ጫሞን ደግሞ ከእሱ በፊት ደቡብን ሲያስስ ዝሆን በገደለው በልዑል ሩስፖሊ ስም ጠራ። ልብ በሉ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አባቶቻችን አድዋ ላይ የጣሊያንን ጦር ሲያሸንፉ ይህ ሰው ገና ደቡብ ውስጥ ነበር። እሱም በዓመቱ ወለጋ ውስጥ ተገደለ። ስሞቹ ግን በውጭ ካርታዎች ላይ ረጅም ዕድሜ ኖሩ። ሐይቁ ዳር ተወልዶ ያደገው ሰው አባያ ማለቱን አንድ ቀንም አልተወም።

ለተማሪዎቼ ሁሌ የምለው ይህንን ነው፦ ማየት ብቻውን ማወቅ አይደለም። ቦተጎ አይቷል፣ በአገሬው ስም ግን አልጠራቸውም። እኛም ከላይ ሆነን ፎቶ አንስተን ብቻ እንዳናልፍ እፈራለሁ።

ስለዚህ ሐይቆቹ ሲመጡ ቀለማቸውን ተመልከቱ። አባያ ቀይ ቡናማ ነው፣ ጫሞ ወደ ሰማያዊ ያደላል። በመሐላቸው ያለችው የመሬት ቁራጭ የእግዜር ድልድይ ናት። የአባያን ቀለም ብዙ ቱሪስት "እንዴት ያምራል" ይለዋል። ያ ቀለም ግን አፈር ነው። ብላቴ ከጉራጌ ተነስቶ በሐዲያ፣ በከምባታና በወላይታ በኩል ያመጣዋል፤ ሐሬ ደግሞ ከእኛው ደጋ ይዞ ይወርዳል። ጨንቻ 2,700 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ አርባ ምንጭ 1,285 ሜትር ላይ። በዚህ ቁልቁለት ዛፍ የሌለበት ማሳ ዝናብ ሲመታው አፈሩ የት እንደሚሄድ መገመት አያቅትም። አንድ ገበሬ በድንጋይ እርከን ለመያዝ ዕድሜውን ሙሉ የሚደክምለት አፈር እዚያ ውሃ ውስጥ ተኝቷል።

እኔ ይህን ትምህርት ለዓመታት በጠመኔ ሰሌዳ ላይ እየሳልኩ አስተምሬያለሁ። አንቺ ነገ በአንድ ሰዓት በማይሞላ በረራ ሙሉውን ታይዋለሽ። በግራ ተቀመጪ። ስትወርጂ ደግሞ ፎቶውን ብቻ ሳይሆን ያየሽውን ጻፊልኝ፤ ለዘንድሮ ተማሪዎች አነብላቸዋለሁ።

መልካም በረራ!