ሜሮን የሚቀበሉ ልጆቻችንን በየትኛው መጽሐፍ እናስተምር?

ጽሑፉ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ያዙና አንብቡት። ካቶሊክ ያልሆናችሁም አትለፉት፣ እናንተም አላችሁበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በቁምስናችን ዘንድሮ ምሥጢረ ሜሮን የሚቀበሉ ወጣቶች አሉ፤ ከ14 እስከ 17 ዓመት ይሆናቸዋል። የሚማሩበትን መጽሐፍ እንድመርጥ ተጠየቅኩ። የታሪክ አስተማሪ ስለሆንኩ ይመስለኛል። አሁን ጠረጴዛዬ ላይ በጥያቄና መልስ የተዘጋጀ የድሮ ትንሽ ትምህርተ ክርስቶስ፣ ከውጭ ቋንቋ የተተረጎመ ባለ ሥዕል መጽሐፍ እና አንድ አንጋፋ ካቴኪስት ለዓመታት በእጁ የጻፈው ደብተር ተቀምጠዋል። ሁሉንም አነበብኳቸው። ለልጆቻችን ጥያቄ ቀጥታ የሚመልስ ግን አላገኘሁም።

የልጆቻችን ጥያቄ ምንድነው? ያለነው ደቡብ ነው። አንድ ካቶሊክ ልጅ በግራው ጴንጤ፣ በቀኙ ኦርቶዶክስ ጓደኛ ይዞ ነው አንድ ዴስክ ላይ የሚቀመጠው። ጴንጤው «መንፈስ ቅዱስን ተቀብለሃል?» ይለዋል። ኦርቶዶክሷ ደግሞ «እኔ በ80 ቀኔ ሜሮን ተቀብቻለሁ፤ አንተ እስከ ዛሬ ምን ስትጠብቅ ነበር?» ትለዋለች። ልጁ ሰባቱን የመንፈስ ቅዱስ ስጦታዎች እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሉ ይወጣቸዋል። ለዚህ ጥያቄ ግን አይሆኑትም፣ ስለዚህ ዝም ይላል።

መልሱ ያለው ታሪኩ ውስጥ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8ን ክፈቱ። ፊልጶስ የሰማርያ ሰዎችን አጠመቀ፤ ከዚያ ጴጥሮስና ዮሐንስ ከኢየሩሳሌም ወርደው እጃቸውን ጫኑባቸው። በመጀመሪያዎቹ መቶ ዓመታት ጥምቀቱ፣ ቅብዓቱና ቁርባኑ በአንድ ሌሊት፣ በአንድ ሥርዓት ይፈጸሙ ነበር። ቤተክርስቲያን ስትሰፋ ግን ችግር መጣ፤ ጳጳሱ አንድ ነው፣ አጥቢያው ብዙ። ምሥራቆቹ «ጳጳሱ ዘይቱን ይባርክ፣ ካህኑ ይቀባ» አሉና ሦስቱንም አንድ ላይ አቆዩ። ሮም ግን ግንባር መቀባትን ለጳጳሱ ብቻ ተወችው። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ኢኖሰንት ቀዳማዊ በ416 ለጉቢዮ ጳጳስ የጻፉት ደብዳቤ ይህን በግልጽ ያዝዛል። እንግዲህ ጳጳሱ እስኪመጣ ሕፃኑ ይጠብቃል፤ ጳጳሱ ሲዘገይ ልጁ ያድጋል። በቃ፣ አለቀ። ሜሮንና ጥምቀት የተለያዩት «ልጁ ይብሰል» ተብሎ ሳይሆን ጳጳስ እስኪደርስ ተብሎ ነው።

ስለዚህ ኦርቶዶክሷ ልጅ ልክ ናት። የእኛም ልጅ አልተሳሳተም። ሁለቱም የአንድ ሌሊት ልጆች ናቸው። ይህን በሁለት አንቀጽ የሚነግር መጽሐፍ እዚህ ጠረጴዛ ላይ የለም፤ እኔን የሚያበሳጨኝም ይኸው ነው።

ከዚያ በኋላ ዕድሜው ወዲያና ወዲህ ሲል ኖረ። ከትሬንት ጉባኤ በኋላ በ1566 የወጣው የሮም ትምህርተ ክርስቶስ ከ7 እስከ 12 ዓመት ባለው ጊዜ ይሁን አለ። በ1910 ጳጳሱ ፒዮስ አሥረኛ የመጀመሪያ ቁርባንን ወደ 7 ዓመት አካባቢ አወረዱት፤ ስለ ሜሮን ግን ምንም አልቀየሩም። ሜሮን በብዙ ቦታ ከቁርባን በኋላ ቀረ፣ እየዘገየም ወደ ጉርምስና ገባ። የጉርምስና በዓል ሲሆን ደግሞ ምርቃት መሰለ። ታውቁታላችሁ አይደል? ነጭ ልብስ ይለበሳል፣ ከጳጳሱ ጋር ፎቶ ይነሣል፣ ዶሮ ይበላል፣ ከዚያ ልጁን ቤተክርስቲያን ውስጥ የምታዩት ሠርግ ሲኖር ነው።

አሁን አንድ የምወደው ታሪክ ልንገራችሁ። የድሮው ትንሽ መጽሐፍ «ሜሮን የክርስቶስ ወታደር ያደርገናል» ይላል። ከየት መጣ? በ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዛሬዋ ፈረንሳይ፣ ሪየዝ በምትባል ከተማ ፋውስጦስ የሚባል ጳጳስ ነበር። ሊቃውንት የእሱ ነው የሚሉት አንድ የጰራቅሊጦስ ስብከት አለ፤ በጥምቀት እንወለዳለን፣ በሜሮን ለውጊያ እንታጠቃለን የሚል ሐሳብ አለው። ጥሩ ስብከት ነው። ግን በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሐሰት ደብዳቤዎችን ሰብስቦ ያወጣ አንድ ስብስብ ይህንኑ ቃል ወስዶ በርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሚልጥያዴስ ስም ጻፈው። ሚልጥያዴስ እኮ ከ311 እስከ 314 የነበሩ፣ በትውልዳቸው አፍሪካዊ እንደሆኑ የሚነገርላቸው አባት ናቸው፤ ምንም አላሉም! ታላቁ ቶማስ አኩዊናስ ራሱ የእሳቸው ነው ብሎ ጠቀሰው። ከዚያ ወዲያ ማን ይጠራጠር? ጳጳሱ ሲቀቡ ጉንጭን ቀስ አድርገው መታ ያደርጉ ነበር፤ ለክርስቶስ መከራ ለመቀበል ተዘጋጅ እንደማለት ተደርጎ ይተረጎም ነበር። ከ1971 በፊት ሜሮን የተቀበሉ አዛውንት ቤታችሁ ካሉ ጠይቋቸው፤ ስለዚያች ጥፊ ያወሯችኋል።

ለልጆቹ ይህን ማስተማር ምን ያደርጋል ትሉ ይሆናል። እኔ ግን ከጦርነት ዜና ጋር ላደገ የ16 ዓመት ልጅ «ወታደር ነህ» ብዬ ከመጀመሬ በፊት ቃሉ ከየት እንደመጣ ባሳውቀው እመርጣለሁ።

ወደ ጥያቄና መልሱ ልመለስ፤ ብዙዎቻችሁ «እሱማ ያረጀ ነው፣ ይጣል» ስትሉ እሰማለሁ። አትቸኩሉ። ሉተር በ1529፣ ኢየሱሳዊው ጴጥሮስ ካኒሲዩስ ከ1555 ጀምሮ በዚህ መልክ ጻፉ፤ ካኒሲዩስ ለትልቅ፣ ለመካከለኛና ለትንሽ ተማሪ ብሎ ሦስት ዓይነት አዘጋጅቷል። በእኛም አገር ዕድሜው ከ400 ዓመት በላይ ነው። ፔድሮ ፓኤዝ በ1603 ገብቶ ዓድዋ አጠገብ ፍሬሞና ተቀመጠ፤ የፖርቱጋሎችን የሕፃናት ትምህርተ ክርስቶስ ወደ አማርኛ አስተረጎመ፣ ልጆችንም አስጠና። በ1604 ዐፄ ዘድንግል ፊት ሁለት ልጆች ይዞ ቀረበ፤ ልጆቹ እየተጠየቁ መለሱ፣ ቤተ መንግሥቱም ተደነቀ። አማርኛ፣ ሕፃናት፣ አጭር ጥያቄ። ከ400 ዓመት በኋላ ከዚህ የተሻለ ዘዴ አግኝተናል ብዬ አፌን ሞልቼ አልናገርም።

የጠፋው በኋላ ነው። በ1625 የመጣው ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ ሕዝቡ የነበረውን እንደ ምንም ቆጠረ። የተጠመቀውን እንደገና አጠመቀ፣ የተካነውን እንደገና ካነ፣ ጾሙንና በዓሉን ለወጠ። ደም ፈሰሰ። በ1632 ዐፄ ሱስንዮስ የአባቶቻችሁን ሃይማኖት ያዙ ብለው ዙፋኑን ለፋሲለደስ ለቀቁ። ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ፣ በ1839 የመጡት ቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስ ግን በተቃራኒው ሄዱ፤ ግዕዝ ተማሩ፣ በግዕዝ ሥርዓት ቀደሱ፣ ትምህርተ ክርስቶሱንም ከአባ ገብረሚካኤል ጋር ለአገሩ ሰው በሚሆን መንገድ አዘጋጁ። መጽሐፍ ስመርጥ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ከዚህ የመጣ ነው፦ ይህ መጽሐፍ ልጁ አስቀድሞ የተቀበለውን ያውቃል ወይ?

የተተረጎመው ባለ ሥዕል መጽሐፍ በዚህ ፈተና ይወድቃል። ወረቀቱ ያምራል፣ ሥዕሉም ደስ ይላል። ግን «አሁን 16 ዓመት ሞልቶሃል፣ መኪና መንዳት ትችላለህ፣ እምነትህንም ራስህ ምረጥ» ብሎ ይጀምራል። መኪናውን ተዉት። ትልቁ ችግር ሜሮንን የልጁ ውሳኔ ማድረጉ ነው። የ1992ቱ ትምህርተ ክርስቶስ ራሱ የእምነት ብስለትን ከአካል ዕድሜ ጋር እንዳናምታታ ያስጠነቅቃል። ደግሞ አስቡት፤ አዲስ አበባ፣ ዓዲግራት ወይም እምድብር ያለ የግዕዝ ሥርዓት ካቶሊክ ልጅ ይህን ቢያነብ ምን ሊል ነው? የሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1964 የምሥራቅ ካህናት ሜሮን የመቀባት ጥንታዊ ልማዳቸው እንዲመለስ አዘዘ፤ የ1990ው የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ሕግ ደግሞ ሜሮን ከጥምቀት ጋር አብሮ ይሰጥ ይላል። ያ ልጅ በሕፃንነቱ ተቀብቶ አሁን መጽሐፉ «ገና አልተቀበልክም» ይለዋል። የእኛ ልጆች ነገ ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ ከእሱ ጋር አንድ ዶርም ነው የሚያድሩት። ሮም እንኳ በ1971 የላቲኑን ሥርዓት ስታድስ ጳጳሱ ሲቀቡ የሚሉትን ቃል የወሰደችው ከምሥራቆቹ፣ ከቢዛንታይን ሥርዓት ነው።

እንግዲህ ምርጫዬ ይህ ነው። ዋናው መጽሐፋችን የሐዋርያት ሥራ ይሆናል፤ 28 ምዕራፍ ነው፣ በሳምንት አንድ ቢነበብ ከሰባት ወር አያልፍም። ከጎኑ ራሱ የሜሮን ሥርዓት ጸሎት ይነበባል። ሥርዓቱ የሚጀምረው የጥምቀትን ቃል ኪዳን በማደስ ስለሆነ ትምህርቱም ከጥምቀት ይጀምራል። ትንሿን የድሮ መጽሐፍ አልጥላትም፤ ጸሎቱን፣ ትእዛዛቱንና ምሥጢራቱን በቃል ለመያዝ ማን ይስተካከላታል? የወታደሩ ገጽ ላይ ስንደርስ የፋውስጦስን ታሪክ እነግራቸዋለሁ። ባለ ሥዕሉ መጽሐፍ መደርደሪያ ላይ ይቆይ።

የካቴኪስቱን ደብተር ግን ኮፒ አስደርገን ለሁሉም እንሰጣለን። አንድ ገጽ ላይ ስለ መንፈስ ቅዱስ ሲያስረዳ የእንሰት ቡላን ምሳሌ አድርጓል፤ ጊዜ እንደሚፈልግ፣ ቤቱ ሁሉ እንደሚሠራው። በሥራ መንገድ ከቀበሌ ቀበሌ በእግሩ እየተጓዘ የጻፈው ነው። ልጆቹ ሲያነቡት በራሳቸው ቋንቋ ማውራት ይጀምራሉ፤ ያን ቀን ጥያቄው ከእነሱ ይመጣል።

ለጴንጤው ጓደኛስ? እሱንም አንድ ቀን ጋብዙት ብያቸዋለሁ፣ ምዕራፍ 8 ስንደርስ። ክርክር የለም፣ አብሮ ማንበብ ብቻ።

ቤታችሁ ውስጥ የአባት ወይም የአያት የድሮ ትምህርተ ክርስቶስ ካለ፣ በተለይ በሀዲይኛ፣ በከምባትኛ ወይም በወላይትኛ የተጻፈ፣ ሽፋኑንና ስለ ሜሮን የሚለውን ገጽ ፎቶ አንስታችሁ በውስጥ መስመር ላኩልኝ። መጽሐፉን አልፈልግም፣ ለእናንተ ይቆይ። ትምህርቱ የሚጀምረው በሚቀጥለው ቅዳሜ ስለሆነ እባካችሁ ቶሎ በሉ።