የመሬት አጠቃቀምና የቼሳፒክ ወሽመጥ የዓሣ ሀብት

ቼሳፒክ ወሽመጥ በአሜሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ግዛቶች የሚገኝ የውሃ አካል ነው። የወንዞች ውሃ ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ጨዋማ ውሃ ጋር የሚቀላቀልበት እንዲህ ያለ ቦታ ኢስቹዋሪ ይባላል። ቼሳፒክ 320 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ሲሆን ከአገሪቱ ኢስቹዋሪዎች ሁሉ ትልቁ ነው። በሰማያዊ ሸርጣን፣ በልዩ ልዩ ዓሦችና ኦይስተር በተባለው ባለ ሁለት ቅርፊት እንስሳ ይታወቃል። የዚህ ሀብት ዘላቂነት በሚሠገረው ዓሣ መጠን ብቻ ሳይሆን ከወሽመጡ ርቆ በሚገኘው መሬት አጠቃቀምም ይወሰናል።

ተፋሰሱ

የወሽመጡ ተፋሰስ 166,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት አለው። 6 ግዛቶችን በከፊልና ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩበትን ዋሽንግተን ዲሲን ያካትታል፤ ከ18 ሚሊዮን በላይ ሕዝብም ይኖርበታል። ከወንዞች ከሚገባው ውሃ ግማሽ ያህሉን የሚያመጣው የሳስኩዊሃና ወንዝ ነው። ወሽመጡ በአማካይ 6.5 ሜትር ብቻ ጥልቀት ስላለው ከየብስ የሚመጣ ብክለት በቀላሉ ይጎዳዋል።

ጉዳቱ የሚደርስበት መንገድ

ከእርሻ ማሳ ማዳበሪያና የእንስሳት ፍግ፣ ከከተማ ደግሞ የፍሳሽ ቆሻሻ ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ይዘው ወደ ወንዞች ይገባሉ። እነዚህ ንጥረ ነገሮች ዋቅላሚን (አልጌን) ከልክ በላይ ያበዛሉ። ዋቅላሚው ሞቶ ሲበሰብስ በውሃው ውስጥ ያለው ኦክስጅን ያልቃል፤ በዚህም ምክንያት በየበጋው ጥልቅ በሆነው ክፍል ዓሣ ሊኖርበት የማይችል አካባቢ ይፈጠራል።

ደን ሲመነጠር የሚታጠበው አፈር ውሃውን ያደፈርሳል። የፀሐይ ብርሃን የተነፈገው የውሃ ውስጥ ሣር ሲጠፋ ግልገል ሸርጣኖች መጠለያ ያጣሉ። ደለሉ የኦይስተር መራቢያዎችንም ይቀብራል። ኦይስተር ውሃ የሚያጣራ እንስሳ በመሆኑ ቁጥሩ ሲቀንስ ወሽመጡ ራሱን የማጥራት አቅሙ ይዳከማል። አስፋልትና ሕንፃ በበዛበት አካባቢ ደግሞ ዝናቡ ወደ መሬት ሳይሰርግ በጎርፍ መልክ በቀጥታ ወደ ወንዝ ይወርዳል።

የሥገራ ቁጥጥርና ወሰኑ

ሜሪላንድ በአካባቢው ሮክፊሽ የሚባለውን ዓሣ ማሥገርን እ.ኤ.አ. ከ1985 እስከ 1990 ከልክላ የዓሣው ቁጥር አገግሞ ነበር። ኦይስተር ግን ከመጠን ያለፈ ሥገራ፣ በሽታና ደለል ተደራርበውበት የቀድሞ ብዛቱን ጥቂት መቶኛ እንኳ አላገኘም።

የጥበቃ ሥራ

የመጀመሪያው የጥበቃ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1983 ተፈረመ። በ2010 የፌዴራል መንግሥት ለናይትሮጅን፣ ለፎስፎረስና ለደለል ጣሪያ ወሰነ፤ አስፈላጊዎቹ ሥራዎች እስከ 2025 እንዲጠናቀቁ ቢታቀድም ግቡ ሙሉ በሙሉ አልተሳካም። የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያዎችን በማሻሻል ከፍተኛ ውጤት ተገኝቷል። በሺዎች በሚቆጠሩ ማሳዎችና መንደሮች የተበተነውን ብክለት መቀነስ ግን አዳጋች ሆኗል። ለዚህ የሚመከሩት በወንዝ ዳር ዛፍ መትከል፣ ከምርት በኋላ ማሳውን በሸፋኝ ሰብል ማልበስና ረግረጋማ ቦታዎችን መጠበቅ ናቸው።