ጭፈራ ቤት ፍለጋ፦ ከቺካጎ መጋዘን እስከ ዩ ስትሪት

በስደት አገር አዲስ የገባ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ሥራ የት እንደሚገኝ፣ እንጀራ የት እንደሚሸጥ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ወይም መስጊዱ በየት በኩል እንደሆነ ነው። እነዚህን ካገኘ በኋላ፣ ጥቂት ወራት ቆይቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚያነሳት ሌላ ጥያቄ አለች፤ «ለመሆኑ እዚህ አገር ጥሩ ሙዚቃ የሚሰማበት፣ ደህና የሚጨፈርበት ቤት የት ነው?»

ባለፈው ሰሞን አንድ ወጣት፣ ይህ ጋዜጣ በሚቀመጥበት አንድ ምግብ ቤት ውስጥ፣ ይህንኑ ጠየቀኝ። የፈለገው የእኛን ዘፈን አልነበረም። ዘፋኝ የሌለውን፣ ከኤሌክትሪክ መሣሪያ ብቻ የሚወጣውን፣ ሌሊቱን ሙሉ ሳያቋርጥ የሚመታውን ነው። አጠገባችን ቡና ይጠጡ የነበሩ አንድ አባት ሰምተው «እሱማ የፈረንጅ እብደት ነው። አንተን ምን አገናኘህ ልጄ?» አሉት። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ዝም አለ። እኔም እሳቸውን ለማክበር ብዬ ዝም አልኩ። ዝምታዬ ግን እስከ ቤቴ ድረስ ተከተለኝ፤ ምክንያቱም ሙዚቃው የፈረንጅ አይደለም። እብደት መሆኑን ለየሰው ፍርድ እተወዋለሁ። የማን እንደሆነ ግን የተመዘገበ ታሪክ አለው፤ ያ ታሪክም ከእኛው ስደት ጋር በአንድ ሁለት ቦታ ይገናኛል። (ዓመታቱን የምጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

እነሆ ከቺካጎ ልጀምር። በ1977 ሮበርት ዊሊያምስ የተባለ ሰው በደቡብ ጀፈርሰን ጎዳና ቁጥር 206 በሚገኝ አሮጌ የኢንዱስትሪ ሕንፃ ውስጥ ጭፈራ ቤት ከፈተ። ቤቱም «ዌርሃውስ»፣ በእኛው አነጋገር መጋዘኑ፣ ተባለ። ሸክላ የሚያጫውትለት ፍራንኪ ነክልስ የሚባል ገና ሃያ ሁለት ዓመት የሆነው የኒው ዮርክ ብሮንክስ ልጅ አመጣ። የቤቱ ደንበኞች አብዛኞቹ ጥቁሮችና ላቲኖች ነበሩ፤ ከእነሱም ብዙዎቹ ግብረ ሰዶማውያን ነበሩ። ይህን ሲሰሙ ፊታቸውን የሚያዞሩ አንባቢዎች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ሳይናገሩ ማለፍ ታሪክ ማጉደል ነው። በሌላ ቤት በር ላይ ፊት የሚነሳቸው፣ አንዳንዱም በገዛ ዘመዱ የተገፋ ሰው፣ ቅዳሜ ማታ ገብቶ እሑድ ረፋዱ ላይ የሚወጣበት ቤት ነበር። መጠጥ አይሸጥበትም። ያለው ጭማቂ፣ ውሃና ግዙፍ ድምፅ ማጉያ ነበር።

ነክልስ የሚያጫውተው የጥቁሮችን የነፍስ ዘፈን፣ ዲስኮና ከጣሊያንና ከጀርመን የሚመጣ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ነበር። የወደደውን ክፍል በቴፕ እየቆረጠና እየቀጠለ ያስረዝመዋል፤ የሚጨፍረው ሰው ትንፋሽ እንዳያጣ ሳይሆን ጭፈራው እንዳይቋረጥበት። በከተማው ያለ አንድ ሸክላ ቤት ደንበኞች «ያ መጋዘን ውስጥ የሚጫወተው አለ ወይ?» እያሉ ስላስቸገሩት በመደርደሪያው ላይ «በዌርሃውስ የሚጫወት» ብሎ ለጠፈ፤ በኋላም አሳጥሮ «ሃውስ» አለው እየተባለ ይነገራል። ዛሬ ዓለም «ሃውስ» የሚለው ሙዚቃ ስሙን ያገኘው ከዚያ መጋዘን ነው።

ያው ቤት በተከፈተ በሁለተኛው ዓመት፣ ጁላይ 12 ቀን 1979፣ በዚያው በቺካጎ አንድ አሳፋሪ ነገር ተደረገ። አንድ የሬዲዮ አቅራቢ የዲስኮ ሸክላ ይዞ የመጣ ሰው በ98 ሳንቲም ብቻ ወደ ቤዝቦል ሜዳ እንደሚገባ አስነገረና በሁለት ጨዋታ መካከል የተሰበሰበውን ሸክላ ሜዳው ላይ በፈንጂ አጋየው። ሕዝቡ ሜዳውን ወረረው፤ ሁለተኛው ጨዋታም ሊካሄድ ስላልቻለ ድሉ ለእንግዳው ቡድን ተሰጠ። እንግዳው ቡድን ደግሞ የዲትሮይት ነበር! በስታዲየሙ ውስጥ ወንበር በማሳየት ይሠራ የነበረ ቪንስ ሎረንስ የሚባል ጥቁር ወጣት ነበር። ሰዉ ይዞ የመጣው ሸክላ ብዙው ዲስኮ እንኳ እንዳልሆነ፣ የጥቁር ሰው ዘፈን ስለሆነ ብቻ ለእሳት እንደቀረበ፣ በኋላ ደጋግሞ ተናግሯል። ይኸው ልጅ ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1984፣ ከጄሲ ሳውንደርስ ጋር ሆኖ የመጀመሪያው የሃውስ ሸክላ የሚባለውን አሳተመ።

እዚህ ላይ አንድ ጊዜ ወደ አዲስ አበባ መለስ እንበል። ዌርሃውስ የተከፈተበት 1977 እኛ 1969 የምንለው ነው። ያ ዓመት ለእኛ ምን እንደነበር ለማስረዳት ቀለም አላባክንም፤ ያየ ያውቀዋል። በዚያው ዓመት ግን ዋሊያስ ባንድ «ቸ በለው» የተሰኘውን ሸክላ አወጣ። ዋሊያሶች በሂልተን ሆቴል ይጫወቱ ነበር። ሰዓት እላፊ ስለነበረ ከመሸ በኋላ ከቤት መውጣትም ሆነ ወደ ቤት መመለስ የማይታሰብ ነው። ታዲያ ሙዚቃ የፈለገ ሰው ምን ያደርጋል? ከሰዓት እላፊው በፊት ይገባል፣ በሩ ይዘጋል፣ እስኪነጋ ይጨፍራል፣ ሲነጋ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የቺካጎው ሰው በሩን የሚዘጋው የሚገፋውን ኅብረተሰብ ሽሽት ነው፤ የእኛው ጠመንጃ ሽሽት ነው። ሁለቱን አንድ ናቸው አልልም። ሁለቱም ግን በአንድ ዓመት፣ በተዘጋ በር ውስጥ፣ ንጋትን በጭፈራ ይጠብቁ ነበር።

ወደ አሜሪካ እንመለስ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሮላንድ የተባለው የጃፓን ኩባንያ የከበሮ ማሽኖችንና የቤዝ ጊታር ምትክ የምትሆን አንዲት ትንሽ ሣጥን ለገበያ አቀረበ። ሣጥኗ የተሠራችው ለብቻው የሚለማመድ ሙዚቀኛ ቤዝ ተጫዋች እንዳያስፈልገው ነበር። ድምፅዋ ግን ቤዝ ጊታር አይመስልም፤ ገዢ አጣች፤ ኩባንያውም ማምረቱን ተወ። ሁለተኛ እጅ ዕቃ በሚሸጥበት ሱቅ በርካሽ ወደቀች። የቺካጎ ድሃ ልጆች የገዟት ያኔ ነው። ፊውቸር የሚባሉ ሦስት ወጣቶች ቁልፎቿን ያለ ልክ እያጣመሙ ከዚያ በፊት ጆሮ ሰምቶት የማያውቅ ድምፅ አወጡባት። ቀረጻውንም ሮን ሃርዲ ለተባለው፣ «ሚውዚክ ቦክስ» በሚባለው ቤት ሸክላ ለሚያጫውተው ሰው ሰጡት። መጀመሪያ ሲያሰማ ሰዉ ከመድረኩ ወረደ፣ ይባላል። ሃርዲ ግን በዚያው ሌሊት ደግሞ፣ ደግሞ አጫወተው፤ በአራተኛው ሰዉ አበደ። በ1987 በሸክላ የታተመው ያ ሥራ «አሲድ ሃውስ» ለሚባለው መነሻ ሆነ።

በዲትሮይትም ነገሩ ከዚህ የራቀ አይደለም። ከ1910 እስከ 1970 ባለው ጊዜ ስድስት ሚሊዮን ያህል ጥቁሮች ከደቡብ አሜሪካ ግዛቶች ወጥተው ወደ ሰሜንና ወደ ምዕራብ ከተሞች ተሰደዱ። ዲትሮይት የሄዱት የመኪና ፋብሪካ ገቡ። የነዚያ ስደተኞች ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው ቴክኖ የሚባለውን የፈጠሩት። ከዲትሮይት ወጣ ባለችው በቤልቪል ከተማ አብረው የተማሩት ሁዋን አትኪንስ፣ ዴሪክ ሜይና ኬቪን ሳውንደርሰን፣ ሌሊት ሌሊት «ኤሌክትሪፋይንግ ሞጆ» የሚባለው የሬዲዮ ሰው የጀርመኑን ክራፍትቨርክና የጥቁሩን ጆርጅ ክሊንተን እያከታተለ ሲያሰማ አድገዋል። በ1988 በእንግሊዝ አገር የሥራዎቻቸው ስብስብ ታተመና «ቴክኖ» የሚለው ስም አውሮጳ ገባ። በከተማቸው የነበራቸው «ሚውዚክ ኢንስቲትዩት» የተባለው ቤት ግን ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላው በ1989 ተዘጋ።

በዚያው ዓመት ኅዳር የበርሊን ግንብ ወደቀ። በምሥራቁ በኩል ባለቤቱ የማይታወቅ ባዶ ሕንፃ ሞልቶ ነበር። በመጋቢት 1991 «ትሬዞር» የተባለው ክለብ በቨርትሃይም የንግድ ቤት ምድር ቤት፣ የብረት ሣጥኖቹ በዛጉበት የገንዘብ ማከማቻ ውስጥ ተከፈተ። ቨርትሃይሞች ናዚዎች ንብረታቸውን የቀሟቸው የአይሁድ ነጋዴዎች ነበሩ። ትሬዞር በራሱ ስም መጀመሪያ ያሳተመው ሸክላ «አንደርግራውንድ ሬዚስታንስ» የሚባሉት የዲትሮይት ጥቁሮች ሥራ ነው። ክለቡ በ2005 ተዘግቶ በ2007 በአንድ አሮጌ የኃይል ማመንጫ ውስጥ እንደገና ተከፍቷል። በ2024 ደግሞ ጀርመን የበርሊንን የቴክኖ ባህል በአገር አቀፉ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ አስገባች። በርሊን ይገባታል፤ ልጁን አሳድጋለች። ቢሆንም አሳዳጊ ሲሸለም የወለደችውን እናት የሚያስታውስ ቢኖር ይህ ጸሐፊ ደስ ባለው። ቺካጎ እንኳ በ2004 ዌርሃውስ ያለበትን መንገድ በፍራንኪ ነክልስ ስም ሰይማ፣ በ2023 ሕንፃውን በቅርስነት መዝግባለች። ነክልስ ራሱ ግን በ2014 ስላረፈ ይህን አላየም።

አሁን የእኛው ነገር። ዋሊያሶች በ1981 አሜሪካ መጥተው ዞሩ፤ ጉዞው ሲያልቅ ከፊሎቹ እዚሁ ቀሩ። ከቀሩት አንዱ የኪቦርድ ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ ነው። በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ አኮርዲዮንን ከኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ከሲንተሳይዘርና ከከበሮ ማሽን ጋር አዋሕዶ አንድ ካሴት አወጣ። ልብ በሉ፦ በዚያው ዓመታት የቺካጎ ልጆች በከበሮ ማሽን ይሠሩ ነበር፤ ምክንያቱም ባንድ የሚቀጥሩበት ገንዘብ አልነበራቸውም። የእኛም ሰው በከበሮ ማሽን ሠራ፤ ምክንያቱም ባንዱ ተበትኗል። ችግራቸው አንድ፣ መሣሪያቸውም አንድ ነበር።

እኛ አድማጮች ግን ምን አልን? በየምግብ ቤቱ ጥግ አንድ ሰው ኪቦርድ ዘርግቶ ሲጫወት «ይሄ ደግሞ የቆርቆሮ ሙዚቃ ነው፤ የድሮው ባንድ የት አለና!» እያልን አማረርን። ይህ ጸሐፊም ከአማራሪዎቹ አንዱ ነበር። ማሽኑን የጠፋው ባንድ ምትክ አድርገን ስለሰማነው ሁልጊዜ ጎደሎ ሆኖብን ኖረ። የቺካጎ ልጆች ማሽኑን እንደ ማሽን ሰሙት፤ ልዩነቱ ይኸው ነው።

ኃይሉ መርጊያም ታክሲ ነጂ ሆነ። ኪቦርዱን በመኪናው ሻንጣ ውስጥ ይዞ በዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተራ ሲጠብቅ ይለማመድ ነበር። በ2013 ያ የ1985 ካሴት እንደገና ታተመለትና በተለያዩ አገሮች መድረክ ላይ ወጣ፤ በ2018 «ላላ በሉ» የተሰኘ አዲስ ሥራ አቀረበ። በዚህ መካከል በ2014 እዚሁ ዋሽንግተን «1432 አር» የሚባል ትንሽ የሸክላ አሳታሚ ተቋቋመ፤ ከመሥራቾቹ አንዱ ዳዊት ኤክለንድ የእኛው ልጅ ነው። ያሳተሙትም የአዲስ አበባዎቹን ወጣቶች የሚካኤል ሰይፉንና የእንደገና ሙሉን ሥራ ነው። የሚካኤል «ያራዳ ልጅ» ይባላል። የአገራችን መሣሪያና ዜማ በኤሌክትሮኒክ ምት ውስጥ ገብቶ ሲሰማ መጀመሪያ ያደናግራል፤ ሁለተኛ ሲሰሙት ግን «ለካ ይሄም ይቻላል» ያሰኛል።

ስለ ዩ ስትሪት ካልተናገርኩ አንባቢ ይወቅሰኛል። ዱክ ኤሊንግተን ያደገበት፣ በአንድ ወቅት «የጥቁሮች ብሮድዌይ» ይባል የነበረ ሰፈር ነው፤ ከ1968ቱ ሁከት በኋላ ለረጅም ጊዜ ተዳክሞ ከቆየ በኋላ ካነቃቁት ሰዎች መካከል ወገኖቻችን አሉበት። በ2000 ሁለት መንትያ ኢትዮጵያውያት እህትማማቾች የጃዝ ቤታቸውን ወደዚያ አምጥተው ሃያ ዓመት አሠሩት። በ2010 ደግሞ ጥሩ ድምፅ ማጉያ ያለው የዲጄዎች ክለብ፣ ዩ ስትሪት ሚውዚክ ሆል፣ በአንድ ምድር ቤት ተከፈተ። ሁለቱም በ2020፣ በወረርሽኙ ዓመት፣ ተዘጉ።

እንግዲህ ለዚያ ወጣት የሰጠሁት መልስ የቤት ስም አልነበረም፤ የቤት ስም ቶሎ ያረጃል። የነገርኩት እንዲህ ነው፦ የተሸጠ ሸክላ መልሶ የሚሸጥ ሱቅ ፈልግና ባለቤቱን አነጋግር፤ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አንብብ። «የት ነው?» ከማለት «ማን ነው የሚያጫውተው?» በል። ጠርሙስ ካልገዛህ ወንበር የለም የሚልህ ቤት ሙዚቃ የሚሸጥ አይደለም። ድምፅ ማጉያው ከመብራቱ የበለጠ ገንዘብ የወጣበት ከሆነ ቆይ። ቅዳሜ ከተጨናነቀብህ ሐሙስ ሂድ።

ስንነጋገር እኒያ አባት ጠረጴዛቸው ላይ ነበሩ። የኃይሉ መርጊያን ስም ስጠራ ቡናቸውን አስቀመጡ።

«ሂልተን አይቼዋለሁ» አሉ። «በሰዓት እላፊው ዘመን። በሩን ዘግተውብን ነበር።»

«እስኪነጋ?» አላቸው ልጁ።

«እስኪነጋ! ከዚያ በእግሬ ሥራ ገባሁ።»