እንደራሴዎቹን እንቅልፍ የነሱት ሴት

ተረት ተረት ብዬ አልጀምርምና «የላም በረት» ብላችሁ አትቀበሉኝ። የምነግራችሁ የሆነ ነገር ነው፤ ቀኑም ስፍራውም ይታወቃል። ብቻ ጠጋ በሉ።

ጥቅምት 1928 ዓ.ም. ነው። የፋሺስት ጦር መረብን ከተሻገረ፣ አውሮፕላኖቹም ዓድዋን ከደበደቡ ገና ሳምንታት ናቸው። በዚያው ወር፣ ያን ጊዜ ከለንደን ወጣ ብላ በነበረችው በዉድፎርድ፣ አንዲት ሴት ሐውልት አስቆሙ። የጀግና አይደለም፣ የቅዱስም አይደለም፤ አፍንጫውን ወደ ታች የደፋ የድንጋይ ቦምብ ነው! ጽሑፉም ነገር አለበት። ከጥቂት ዓመታት በፊት በጦር መሣሪያ ቅነሳ ጉባኤ ላይ ከአውሮፕላን ቦምብ የመጣል መብታችን አይነካብን ብለው ለተሟገቱት ሰዎች የቆመ ነው ይላል። ሰሙ መታሰቢያ፣ ወርቁ ስድብ።

ሴትየዋ ሲልቪያ ፓንክረስት ናቸው፤ የታሪክ ምሁሩ የፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት እናት። ለሴቶች የመምረጥ መብት ሲታገሉ ደጋግመው ታስረዋል፤ ምግብ አልበላም ሲሉም በጉሮሯቸው ቱቦ እየተከተተ በግድ ተግተዋል። እንግዲህ እንዲህ ያለ ሰው የምክር ቤት አባል ይፈራል? የኑሮ ጓደኛቸው ሲልቪዮ ኮሪዮ ደግሞ ከአገሩ የተሰደደ ኢጣሊያዊ ነበር፤ ስለዚህ ጠባቸው ከፋሺስት እንጂ ከኢጣሊያ ሕዝብ እንዳልነበረ ልብ በሉልኝ።

የዉድፎርድ ሕዝብ እንደራሴ ማን ነበሩ ብትሉኝ፣ ዊንስተን ቸርችል። የእሳቸው ዐይን ግን ጀርመን ላይ ነበር። የኢትዮጵያ ነገር ምክር ቤቱን ባናወጠበት በዚያ ታኅሣሥ እንኳ ውጭ አገር በእረፍት ላይ ነበሩ።

ምን ሆኖ ነው የተናወጠው? ይኸውላችሁ። ኅዳር 4 ቀን እንግሊዝ ምርጫ አካሄደች። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ከ11 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ በተሳተፈበት የድምፅ አሰባሰብ፣ ከ10 ሚሊዮን የሚበልጠው ወራሪን በኢኮኖሚ ማዕቀብ መቅጣት ይገባል ብሎ ነበር። የጠቅላይ ሚኒስትር ቦልድዊን መንግሥትም ይህን ያውቃልና ከመንግሥታት ማኅበር ጎን እቆማለሁ ብሎ ማለ፤ ተመረጠም። ኅዳር 8 ማዕቀቡ ተጣለ። ምን ዓይነት ማዕቀብ? ለኢጣሊያ አሉሚኒየም እንዳይሸጥ ይከለክላል፤ ኢጣሊያ አሉሚኒየም ሞልቶ ተርፏታል። ታንኩንና አውሮፕላኑን የሚያንቀሳቅሰው ነዳጅ ግን አልተነካም። የሱዊዝ ቦይም አልተዘጋም፤ ወታደር የጫነው መርከብ ቀረጡን እየከፈለ ያልፋል።

ወሩ ሳያልቅ፣ ኅዳር 29፣ የፓሪስ ጋዜጦች ምሥጢር አወጡ። የእንግሊዙ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳሙኤል ሆርና የፈረንሳዩ ፒየር ላቫል ከኢትዮጵያ ሰፊውን ክፍል ቆርሰው ለሙሶሊኒ ሊሰጡ ተስማምተዋል። ለኢትዮጵያስ? ወደ አሰብ የምታደርስ ቀጭን መተላለፊያ። የለንደኑ ታይምስ ራሱ የግመል መንገድ ናት ብሎ ተሳለቀ። ያን ጊዜ በእንደራሴዎቹ ላይ ደብዳቤ እንደ ነሐሴ ዝናብ ወረደ። መራጩ ገና ድምፁን ከሰጠ ወር አልሞላውም፤ የተገባለትን ቃል አልረሳም። የመንግሥት ወገን የነበሩት ጭምር ወንበራቸው ተነቃነቀባቸው። ታኅሣሥ 8 ሆር ሥልጣናቸውን ለቀቁ።

እልል በሉ እንዳልላችሁ፣ ሰውየው ወጣ እንጂ ነዳጁ አልቆመም። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ሕዝቡ ድል ያደረገ መስሎት ወደ ቤቱ ሲገባ፣ መንግሥቱ ያንኑ ሐሳብ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቀጠለበት። በዚያው ታኅሣሥ በሰሜን ጦር ግንባር የመርዝ ጋዝ መውረድ ጀመረ። በኋላ ሙሶሊኒ ለሂትለር፣ ነዳጅ ቢከለክሉኝ ኖሮ በሳምንት ውስጥ ከኢትዮጵያ እወጣ ነበር ማለቱን አስተርጓሚው ሽሚት ጽፏል።

ሲልቪያ ግን ወደ ቤት አልገቡም። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 የኢጣሊያ ጦር አዛዥ ባዶሊዮ አዲስ አበባ ሲገባ፣ የዚያው ዕለት ቀን የታተመበት የመጀመሪያው «ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ» ለንደን ላይ ወጣ። ሌላው ነገሩ አበቃ ባለበት ቀን እሳቸው ጀመሩ! ከዚያ ወዲያ በየሳምንቱ ጋዜጣ፣ በመካከሉም ለሚኒስትሩ ደብዳቤ፣ ለጋዜጣ አዘጋጁ ደብዳቤ። በምክር ቤቱ ውስጥ እንደ ኤሊኖር ራትቦን ያሉ ጥቂት ቆራጦች ሚኒስትሮቹን በጥያቄ ያፋጥጡ ነበር።

ሰሚ ግን ጠፋ። በሰኔ የገንዘብ ሚኒስትሩ ኔቪል ቼምበርሊን ማዕቀቡን መቀጠል እብደት ነው አሉ፤ ሰኔ 11 መንግሥት ማዕቀቡ ይነሣ ብሎ ለምክር ቤቱ አሳወቀ። ሽማግሌው የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትር ሎይድ ጆርጅ ተነሥተው ሚኒስትሮቹን በቃል ገረፏቸው፤ ሚኒስትሮቹ ተገረፉ፣ ድምፁን ግን አሸነፉ። ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ጄኔቭ ላይ ቆመው ሲናገሩ ነገሩ ቀድሞ ተቆርጦ ነበር።

የካቲት 12 ቀን 1929 ደረሰ። የግራዚያኒ ጭፍጨፋ ወሬ ለንደን ሲገባ፣ በዚያ የኢትዮጵያ መልእክተኛ የነበሩት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ በእንግሊዝ አገር ያስተማሯቸው ሁለት ልጆቻቸው ቢንያምና ዮሴፍ ከተገደሉት መካከል ነበሩ። የሲልቪያ ጋዜጣ የጭፍጨፋውን ዜና በየሳምንቱ አወጣ። ያም ሆኖ ጥቅምት 23 ቀን 1931 ያው ምክር ቤት፣ የኢጣሊያ ንጉሥ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ነው ተብሎ የሚታወቅበትን ስምምነት ሥራ ላይ ይዋል ብሎ በድምፅ ብልጫ አሳለፈ።

ከዚያስ? ሰኔ 1932 ሙሶሊኒ በራሷ በእንግሊዝ ላይ ጦርነት አወጀ። ስንት ደብዳቤ ያላስነቃውን መንግሥት አንድ አዋጅ አስነቃው፤ የኢትዮጵያ አርበኛም በአንድ ጀንበር ወዳጅ ሆነ።

ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ሲገቡ ሲልቪያ ብዕራቸውን ያስቀመጡ እንዳይመስላችሁ። አሁን ደግሞ ወደ ገዛ መንግሥታቸው ዞሩ፦ የእንግሊዝ ጦር ከኦጋዴን ለምን አይወጣም? ኤርትራስ? የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ሹማምንት ተማረሩ። አንዱ፣ ይህች አሮጊት በገዛ ጽሑፎቿ ታንቃ ብትሞት ብሎ የተመኘበት ማስታወሻ በመዝገብ ተቀምጧል።

ምኞቱ አልደረሰም። ጋዜጣው እስከ 1948 ታተመ፤ በዚያው ዓመት እሳቸውም ጓዛቸውን ጠቅልለው አዲስ አበባ ገቡ፤ ከዚያም «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» የሚል ሌላ መጽሔት ጀመሩ።