ደን ያልተባለው ደን

ደን ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ጅማና ባሌ ነው። አሶሳስ? ሽመል፣ አባሎ፣ ወይባ፣ ቁመተ ረጅም ሳር፣ በበጋ ደግሞ እሳት። “ጫካ” ብለን እናልፈዋለን።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የስዊድኑ ኡፕሳላ እ.ኤ.አ. በ1980 የጀመሩት የኢትዮጵያና ኤርትራ ዕፅዋት ምዝገባ ያለቀው በ2009 ነው። ወደ 30 ዓመት! እነ ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ዕድሜያቸውን የሰጡበት ሥራ ነው (እኛ አራት ዓመት ዲግሪ ይረዝምብናል)።

ሰብስቤ ከዴንማርኩ ኢብ ፍሪስና ከሌሎች ጋር ስለ ምዕራቡ ቆላ ዛፎች የጻፉት መጽሐፍ ግን የወጣው በ2022 ነው። ዛፎቹ በየዓመቱ ከሚነደው ሳር ጋር መኖር የለመዱ ናቸው።

አሶሳ ዩኒቨርሲቲ የተመሠረተው በ2011፤ የህዳሴው ግድብ መሠረት የተጣለውም ያኔው። ቅርቡን የሚያጠና የአገሬው ልጅ ገና እየተማረ ሳለ፣ በ2020 ግድቡ ውሃ መያዝ ጀመረ። መጽሐፉ ሲታተም የጉባ ሸለቆ ከፊሉ ውሃ ገብቶበት ነበር።